የማይታየው ራስ፦ ስለ መሣሪያና ስለ ኅሊና

የሥነ ምግባር ጥያቄ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ታላቁ የውሳኔ ሰዓት ነው። ዳኛው በችሎት፣ ወታደሩ በግንባር፣ ሹሙ በማኅተሙ ፊት ይታየናል፤ «እውነቱን ይመርጣል ወይስ ጥቅሙን?» ብለን እንጠይቃለን። ይሁን እንጂ አብዛኛው የሰው ልጅ ዕድሜ የሚያልፈው በጥቃቅን ሥራ ላይ ነው። ታዲያ ጥያቄውን ከችሎትና ከግንባር አውርደን በአንዲት ትንሽ የአሉሚኒየም ምስማር ላይ ብናነሣው ምን መልስ እናገኛለን? ይህች ምስማር ባለሙያዎች ሪቬት የሚሏት ናት። የአውሮፕላንን ቆዳ ከአጥንቱ ጋር አያይዛ የምትኖር እርሷ ናት። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የተነሣሁት ሪቬት የሚመታ ሰው መሣሪያውን እንዴት እንደሚመርጥና ለእጁ እንዴት እንደሚያስማማ ነው። በእኔ እምነት የሠራተኛው ኅሊና የሚፈተነው መዶሻው ከመነሣቱ አስቀድሞ፣ ገና መሣሪያው በሚመረጥበት ጊዜ ነውና።

ይህን ነገር በመጀመሪያ ያስተማረችኝ አንዲት ማንቆርቆሪያ ናት። በልጅነቴ፣ በአራዳ ሳለን፣ የእናቴ የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ እጀታው ተነቀለ። እኔም ብልኀት ያለኝ መስሎኝ አጭር ምስማር ቆርጬ በቀዳዳው አስገባሁና ከውስጥ በድንጋይ ደግፌ ከውጭ በመዶሻ መታሁት። የማንቆርቆሪያው አፍ ጠባብ ስለ ነበር ድንጋዩ በቅጡ ሊደርስ አልቻለም፤ የምስማሩም ጫፍ ጠፍጥፎ ራስ በማውጣት ፈንታ ወደ ጎን ተጣሞ ተኛ። ይህን በጣቴ ዳስሼ ዐውቄአለሁ። ከውጭ ግን ያምር ነበር፤ ስለዚህ ዝም አልሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እጀታው ከነፈላው ውሃ ተነቅሎ የእናቴን እግር አቃጠለ። እርሷም «ዕቃው አርጅቶ ነው» አለች። አሁንም ዝም አልሁ።

ማንቆርቆሪያዋን ፒያሳ ወደ አንድ ዕቃ አዳሽ ወሰድኋት። ሽማግሌው የእኔን ሥራ በጣታቸው ዳሰሱና አንድም ነገር ሳይናገሩ ከሣጥናቸው እንደ ግመል አንገት የተቆለመመ ብረት አወጡ። ጫፉ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ነበር። በማንቆርቆሪያዋ አፍ አስገብተው ከሪቬቷ እግር ሥር አሳረፉትና ከውጭ ሦስት ጊዜ መቱ፤ ሥራው አለቀ። ብረቱን ከየት እንደ ገዙት ብጠይቃቸው፣ «የሚሸጥ መች አለ ልጄ! አፈ ጠባብ ዕቃ ሲያስቸግረኝ ጊዜ ራሴ የሠራሁት ነው» አሉኝ።

ያን ጊዜ ጥፋቴ ሁለት እንደ ነበረ ገባኝ። ሁለተኛው ዝም ማለቴ ነው። የመጀመሪያው ግን የማይደርስ መሣሪያ ይዤ ሥራውን መጀመሬ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ተወለደ። የሚደርስ ብረት ቢኖረኝ ኖሮ የምደብቀው ነገር ባልኖረኝም ነበር።

የሪቬት ባሕርይ

ከማንቆርቆሪያ ወደ አውሮፕላን ያለው መንገድ ከሚመስለው ይልቅ አጭር ነው፤ ሁለቱም ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ናቸው፤ የሚያያዙትም በአንድ ዓይነት ብልኀት ነው። ሪቬት ሁለት ራስ አላት። አንደኛውን ራስ ፋብሪካው ሠርቶ ይሰጣል። ይኸኛው ከውጭ በኩል ይቀመጣል፤ ሁሉም ያየዋል፤ ቀለም ይቀባል። ሁለተኛውን ራስ የሚፈጥረው ሠራተኛው ሲሆን የሚገኘውም ከላሜራው ማዶ፣ በክንፉ ወይም በገላው ውስጥ ነው። ክንፉ ከተዘጋ በኋላ ያን ራስ የሚያየው ሰው የለም። አውሮፕላኑን በአየር ላይ አጽንቶ ለመያዝ ግን ሁለቱም ራሶች እኩል ያስፈልጋሉ።

ልኩም የታወቀ ነው። የስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላት ሪቬት በቀዳዳዋ ስትገባ ከማዶ የውፍረቷን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ብቅ ትላለች። ተመትታ ስትጠፈጠፍ የአዲሱ ራስ ስፋት ከመጀመሪያው ውፍረቷ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከፍታውም ግማሹ ያህል ሊሆን ይገባል፤ ይኸውም 4.8 ሚሊ ሜትር በ1.6 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። በዚያው ቅጽበት እግሯ በቀዳዳው ውስጥ ተነፍቶ ባዶውን ቦታ ይሞላል። ከልክ በታች የተመታች ሪቬት ላልታ ትቀራለች፤ ከልክ በላይ የተመታች ትሰነጠቃለች ወይም ላሜራውን ታጎብጣለች። ለዚህም ነው ጥንቁቅ ሠራተኛ ልኩ የተቀረጸበት ትንሽ መለኪያ በኪሱ የማያጣው።

በፋብሪካ ውስጥ ይህን የሚቈጣጠር ተቈጣጣሪ አለ። በገዛ ቤታቸው አውሮፕላን ለሚሠሩ ሰዎች ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአሜሪካ ፖል ፖበሬዝኒ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1953 የእነዚህን ሰዎች ማኅበር ካቋቋመ ወዲህ የቤት ውስጥ አውሮፕላን ሥራ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባወጣቸው ንድፎች ብቻ ከዐሥር ሺህ በላይ አውሮፕላኖች በባለቤቶቻቸው እጅ ተሠርተው በርረዋል። ሁለት ሰው በሚይዝ አንድ ትንሽ የአሉሚኒየም አውሮፕላን ላይ በሺህ የሚቈጠሩ ሪቬቶች ይመታሉ። መቺውም፣ አብዛኛውን ጊዜ መርማሪውም፣ በኋላም አብራሪው ያው አንድ ሰው ነው። አባቶች «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ያሉት ምሳሌ እዚህ ላይ ያለ ምንም ዘይቤ ቃል በቃል ይሠራል። ልዩነቱ በጎኑ ባለው ወንበር ላይ ሚስቱ ወይም ልጁ መቀመጡ ነው፤ እነርሱ ደግሞ የውስጡን ራስ አያውቁም።

መሣሪያን መምረጥ፣ መሣሪያን ማስማማት

ሪቬት የሚመታው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በእጅ መጭመቂያ ነው። ይህ መሣሪያ እንደ ትልቅ ጉጠት ሁለት መንጋጋ ያለው ሲሆን ሪቬቷን ከላይና ከታች ይዞ በአንድ ጊዜ ይጨምቃታል። ድምፅ የለውም፤ ሥራው እኩልና የማያወላውል ነው። ጉድለቱ መንጋጋው ከሚደርስበት ማለፍ አለመቻሉ ነው፤ ስለዚህ ለላሜራው ጠርዝ ይሆናል እንጂ ለመካከሉ አይሆንም። ሁለተኛው በአየር ግፊት የሚሠራ መዶሻና ደጋፊ ብረት ነው። መዶሻው ከውጭ የፋብሪካውን ራስ ይመታል፤ ደጋፊው ብረት ከውስጥ የሪቬቷን እግር ተደግፎ ይይዛል። የሚያስደንቀው ነገር የውስጡን ራስ የሚፈጥረው መዶሻው ሳይሆን ይህ ዝም ብሎ የተያዘ ብረት መሆኑ ነው። ግፊቱ ከውጭ ይመጣል፤ ቅርጹ ግን ከውስጥ፣ ከክብደቱና ከጽናቱ ይገኛል።

እንግዲህ ምርጫው እዚህ ላይ ይጀምራል። ቀላል ብረት ለእጅ ይመቻል፤ ነገር ግን በመዶሻው ምት ይዘላል፤ ራሱም ጠማማ ይሆናል። ከባድ ብረት ይጸናል፤ ነገር ግን ክንድን ያዝላል፤ በጠባብ ቦታም አይገባም። ለዚህ ሲባል አንዳንዶች ከተራ ብረት በእጥፍ በላይ የሚከብደውን ተንግስተን ይመርጣሉ፤ በትንሽ መጠን ብዙ ክብደት ይገኝበታልና። ውድ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ይገዛዋል፤ ሌላው ካለው ቍርጥራጭ ብረት ይሠራል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን አንድ ብረት ለሁሉም ቦታ አይበቃም። ለክንፉ ጠርዝ አንድ፣ ለጅራቱ ማዕዘን ሌላ፣ እጅ በጭንቅ ለሚገባበት ጉድጓድ ደግሞ ሌላ ያስፈልጋል።

ከገበያ የመጣ መሣሪያም እንደ መጣ አይሠራበትም። የደጋፊው ብረት ጠርዝ ስለታም ከሆነ በመጀመሪያው መንሸራተት ላሜራውን ይጭራል፤ ጭረቱም በኋላ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኛው ጠርዙን በሞረድ ያደበድበዋል፤ ሪቬቷን የሚነካውን ገጽ ከሻካራው እስከ ደቃቁ የብርጭቆ ወረቀት እያሸ እንደ መስተዋት ያደርገዋል፤ ጎኑን በፕላስተር ይጠቀልላል። የመጭመቂያው መንጋጋ ወፍሮ ከጠባብ ከንፈር ሥር አልገባ ቢለው፣ ጥንካሬውን ሳይጎዳ ጎኑን በመጠኑ ይሞርደዋል። የመዶሻውን አፍ ከሪቬቷ ራስ ጋር ያመሳክራል፤ ጎድጓዳው ከራሱ ካልተስማማ በእያንዳንዷ ሪቬት ዙሪያ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ይተዋልና። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ በእውነተኛው ክንፍ ላይ ከመዝመቱ በፊት በቍርጥራጭ ላሜራ ላይ ይለማመዳል።

አንባቢ «ይህ የእጅ ሙያ ዝርዝር ከሥነ ምግባር ጋር ምን ያገናኘዋል?» ሊል ይችላል። ግንኙነቱ ይህ ነው። መሣሪያው የማይደርስበት ቦታ ሁሉ ለሠራተኛው የፈተና ቦታ ነው። ማምሻ ላይ፣ ክንድ ዝሎ፣ ብረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ሲያጥረው፣ «ይቺን አንዲት እንደ ምንም ልምታት» የሚል ድምፅ ከውስጥ ይሰማል። በዚያች ሰዓት ሰውን በፈቃዱ ጽናት ብቻ እንዲያሸንፍ መጠበቅ ከአቅም በላይ መጠበቅ ነው። በጠዋት፣ ሰውነቱ ሳይዝል፣ ለዚያች ማዕዘን የሚሆን ብረት ሞርዶ ያዘጋጀ ሠራተኛ ግን በማምሻው ከራሱ ጋር አይታገልም። ፈተናውን አስቀድሞ በሞረዱ አስወግዶታል። ስለዚህ ሐቀኝነት በጭንቅ ሰዓት በድንገት የሚገኝ ጀግንነት ነው ከማለት ይልቅ፣ አስቀድሞ በትዕግሥት የሚዘጋጅ የሥራ ሁኔታ ነው ማለት ይቀናኛል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሌላም የሚጤን ነገር አለ። ላሜራው ሰፊ ሲሆን ሪቬት የሚመቱት ሁለት ሰዎች ናቸው። መቺው ከውጭ፣ ደጋፊው ከውስጥ ሆነው በመካከላቸው ባለው ላሜራ ምክንያት አይተያዩም፤ በጩኸቱም አይሰማሙም። በድሮ ፋብሪካዎች በላሜራው ላይ በማንኳኳት ይነጋገሩ ነበር። አንድ ጊዜ ቢያንኳኳ «ጨምር» ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ «መልካም ነው»፤ ሦስት ጊዜ «ተበላሽታለች፣ ትውጣ»። የውስጡን ራስ ያየው ብቸኛ ምስክር ደጋፊው ነው። ሦስት ጊዜ ማንኳኳት የራሱን ጥፋት መመስከር ሊሆን ይችላል፤ ሥራም ያዘገያል፤ ባልደረባንም ያስቈጣል። ሆኖም በዚያ አውሮፕላን የሚሄደው መንገደኛ ሕይወቱን የጣለው በዚያች የማንኳኳት ቋንቋ እውነተኛነት ላይ ነው።

«ማን ያየዋል?»

አራዳ የሚለው ስም በከተማችን ታሪክ መጀመሪያ የገበያ ስም ነው። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው ያ ታላቅ ገበያ የአገሩን ሰው ሁሉ ያገናኝ ነበር። ከጊዜ በኋላ ስሙ የጠባይ መጠሪያም ሆነ። አራዳ ማለት የነቃ፣ የማይሞኝ፣ የከተማን ውስጠ ምስጢር የሚያውቅ ሰው ማለት ሆነ። በቃሉ ውስጥ የሚወደድ ነገር መኖሩን አልክድም፤ ብልኀትና ፍጥነት አለበት። ነገር ግን በአራዳነት ስም የሚነገድ አንድ ክፉ ጥያቄም አለ፤ ይኸውም «ማን ያየዋል?» የሚለው ነው። ላዩን አሳምሮ ውስጡን ለቄስ መተው እንደ ብልጠት የሚቈጠርበት ጊዜ አለ። ቀለም የተቀባ እርጥብ ግድግዳ፣ ሽፋኑ ያማረ ባዶ መጽሐፍ፣ ጭብጨባ የሞላበት ያልተለመደ ተውኔት፣ ሁሉም የዚህ ጥያቄ ልጆች ናቸው።

ለዚህ ጥያቄ ከሪቬት ዓለም የተሰጠው መልስ እጅግ መራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 747 አውሮፕላን ሲያርፍ ጅራቱ መሬት ነካና የኋላው የአየር ግፊት መከላከያ ግድግዳ ተጎዳ። ጥገና ተደረገለት። በጥገናው ሁለቱን ክፍሎች የሚያያይዘው መጋጠሚያ ላሜራ እንደ ታዘዘው አንድ ወጥ ሆኖ ሳይገባ ለሁለት ተከፍሎ ገባ፤ ከዚህም የተነሣ በሁለት ረድፍ ሪቬት ሊሸከም የሚገባውን ኃይል አንድ ረድፍ ብቻ ተሸከመው። ከውጭ ሲታይ ረድፎቹ የተሟሉ ነበሩ። አውሮፕላኑ ሰባት ዓመት በረረ። ከዐሥራ ሁለት ሺህ በሚበልጡ በረራዎች ግድግዳው በተነፋና በተነፈሰ ቍጥር ስንጥቁ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ተጓዘ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1985 ግድግዳው ተበረገደ፤ ከተሳፈሩት 524 ሰዎች 520ው ሞቱ። «ማን ያየዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው፤ ዐይን ባያየው ጭነቱ ያየዋል። ኃይል በብረት ውስጥ ሲያልፍ የተደበቀውን ሁሉ አንድ በአንድ ይመረምራል፤ ምርመራውንም በሰባት ዓመት ይሁን በሰባት ቀን ይፈጽማል።

«መሣሪያ የለንም» ለሚሉ

ከ«ማን ያየዋል?» ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር ግን ከበድ ያለ ነው፤ በንቀትም ሊታለፍ አይገባውም። «መልካም ሥራ ለመሥራት መልካም መሣሪያ ይጠይቃል ካልህ፣ መሣሪያ የሌለው ድኻ አገር ሐቀኛ ሊሆን አይችልም ማለትህ ነውን?» የሚል ነው።

ታሪካችን ለዚህ የሚሰጠው መልስ አለ። የመጀመሪያው አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ የመጣው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት በኢትዮጵያ ምድር አንድ አውሮፕላን ተሠራ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለ። በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዶ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በዚያ አገር ሙዚየም ከቆመ በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ የተሟላ የአውሮፕላን መሣሪያ የሚሸጥ ሱቅ አልነበረም። የሌለውን መሣሪያ ካለው ብረት ማውጣት የሥራው አንዱ ክፍል እንደ ነበረ ማንም የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። በዘመናችንም አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ወጣት ከልጅነቱ የነበረውን የመብረር ሕልም ይዞ፣ የቮልስዋገን ሞተር ገጥሞ፣ በገዛ እጁ አውሮፕላን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ዜናው በዓለም ተሰማ። የመብረር ሙከራው እንዳሰበው አልሆነለትም። አለመነሣቱን በሕዝብ ፊት መፍቀዱ ግን በራሱ ሦስት ጊዜ ማንኳኳት ነው።

የአየር መንገዳችንም ጅምር ይህንኑ ያሳያል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን ወደ ካይሮ በረራ የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነው። በአሜሪካ የጦርነቱ ዘመን የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ሪቬት ከሚመቱት እጆች ብዙዎቹ የሴቶች ነበሩ። ከጥቂት ወራት በፊት በወጥ ቤትና በልብስ ስፌት የነበሩ እጆች መዶሻና ደጋፊ ብረት ጨበጡ፤ የእነርሱ የውስጥ ራሶች የእኛን መንገደኞች ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ ተሸከሙ። በ1970ዎቹም አየር መንገዱ «እሸት» የተሰኘውን የእርሻ አውሮፕላን በፈቃድ በአዲስ አበባ ሲገጣጥም ሥራው በኢትዮጵያውያን እጅ ተሠራ።

ስለዚህ ድህነት መሣሪያን ያሳጥራል እንጂ መሣሪያን የማስማማት ችሎታን አይነሣም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ብርዕ ከሱቅ አልገዙም፤ መቃውን ራሳቸው መርጠው፣ ራሳቸው ቀርጸው፣ ጫፉን ለሚጽፉት ፊደል ውፍረት ሰንጥቀው አዘጋጁ። የፒያሳ የወርቅና የብር አንጥረኛም ከመስፉ ጎን የደረደራቸው ትናንሽ መዶሻዎች እያንዳንዳቸው ለአንድ ዓይነት ጌጥ የተሞረዱ ናቸው። የድኻ አገር ሠራተኛ ኀላፊነት ያልተገዛውን መሣሪያ መሥራት ነው፤ ያም ባይቻል «በዚህ መሣሪያ ይህን ሥራ አልሠራም» ማለት ነው። ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም እንዳይደርስ እያወቁ መምታት፣ የእኔ የማንቆርቆሪያ መንገድ ነው።

ስለ ተሰደበው እጅ

እዚህ ላይ ኅብረተሰቡም የራሱን ድርሻ ሊቀበል ይገባዋል። እኛ መሣሪያውን ስንጠቀም የኖርን፣ መሣሪያውን የሠራውን እጅ ግን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። ማረሻውን የሰጠንን «ቀጥቃጭ»፣ ሸማውን የሰጠንን «ቍጢት በጣሽ»፣ ጌጡን የሰጠንን «ቡዳ» ብለን ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው። የሚሰደብ ሰው ሥራውን ይደብቃል፤ መሣሪያውንም ይደብቃል፤ ሙያው ከልጁ በቀር ለሌላ አይተላለፍም። ከዚህ የተነሣ ዛሬ በየጋራዡ የምንጠራቸው የመሣሪያ ስሞች፣ ሞርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ላሜራ፣ እንደ ፒያሳ ስም ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ቃሉ የባዕድ መሆኑ አያሳፍርም፤ መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ስሙን ይዞ ያልፋልና። የሚያሳስበው ለገዛ አንጥረኞቻችን መሣሪያዎች ያወጣናቸውን ስሞች ስንቶቻችን እንደምናውቃቸው ነው።

ስለ «ፀሐይ»ም ሲነገር የመሐንዲሱ ስም ይጠራል፤ መጠራቱም ተገቢ ነው። ብረቱን ይዘው ከውስጥ የደገፉት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ግን በአብዛኛው ያለ ስም ቀርተዋል። እነርሱም እንደ ሪቬቷ ሁለተኛ ራስ ናቸው፤ አይታዩም፤ ነገር ግን ያለ እነርሱ የሚቆም ነገር የለም።

መቼ ትውጣ? መቼ ትቅር?

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንባቢ ኅሊና ማለት ፍጹምነትን ማምለክ ነው ብሎ እንዳይረዳኝ እሰጋለሁ። የሪቬት ሙያ በዚህም ላይ ትምህርት አለው። የተበላሸች ሪቬት ስትገኝ በድሪል ራሷ ተበስቶ ትወጣለች። ይህ ግን ያለ አደጋ አይሆንም፤ መብሻው ትንሽ ቢያዘነብል ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ ለዚያ ቀዳዳ የምትሆን ሪቬት በልኳ አትገኝም። ስለዚህ የበሰሉ ባለሙያዎች ለጀማሪው የሚመክሩት አንድ ነገር አለ። ጕድለቷ ትንሽ ከሆነች፣ ከልክ ገደብ ካልወጣች፣ ለዐይን ባታምርም ተዋት፤ ለማሳመር ስትል ጤነኛውን ላሜራ አትጉዳ ይላሉ።

ይህን ለመለየት መለኪያ ያስፈልጋል። «አላማረችም» እና «አትሸከምም» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው። ስለ መልኩ የሚጨነቅ ሠራተኛ የሚታየውን ራስ ደጋግሞ እያወጣ ቀዳዳውን ያበላሻል፤ ስለ ሸክሙ የሚጨነቅ ግን መለኪያውን አውጥቶ የውስጡን ራስ ይለካል። መምህር የተማሪውን ድርሰት ሲያርም፣ ሐያሲ የደራሲን ሥራ ሲመዝን፣ ኀላፊ የበታቹን ስሕተት ሲመረምር ይህን ልዩነት ቢያስብ ብዙ ጤነኛ ላሜራ ከመብሻ ይድናል፤ ብዙ ላልታ የቀረች ሪቬትም ሳይረፍድ ትገኛለች።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአካባቢው ገጽታ በእጅጉ ተለወጠ። በየካቲት የዐድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ብዙ አሮጌ ቤቶችና ሱቆች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሠፈር ሄዱ። የዕቃ አዳሹ ቤት ከነበረበት ቦታ ሄጄ ቆምሁ። ሽማግሌው ካረፉ ቈይተዋል። ያ እንደ ግመል አንገት የተቆለመመ ብረት የት እንደ ደረሰ እያሰብሁ ነበር። ምናልባት ስለ ጥቅሙ የማያውቅ ሰው ከቍርጥራጭ ጋር በኪሎ ሸጦት ይሆናል። ለአንድ እጅና ለአንድ ጠባብ አፍ የተሠራ መሣሪያ ለሌላ ሰው ሲደርስ ብረት ብቻ ነው። የሚወረሰው ለምን እንዲያ እንደ ተቆለመመ ማወቅ ነው፤ ያን ደግሞ ሣጥን አያወርስም፤ ሰው ለሰው ካልነገረ በቀር። የሙያ ትምህርት ቤት ያለው መምህር፣ ተማሪውን የመሣሪያ ስም ካስጠናው በኋላ አንዱን መሣሪያ በገዛ እጁ ለአንድ ሥራ እንዲያስማማ ቢያደርገው፣ ስለ ሐቀኝነት ከሚሰጠው ንግግር ይልቅ ይህ ይበልጥ እንደሚጠቅመው አምናለሁ።

እናቴ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆናት። ስለ ማንቆርቆሪያዋ እውነቱን አልነገርኋትም፤ ዕቃው አርጅቶ እንደ ተነቀለ አምና ሄደች። እኔና እርሷ በአንድ ላሜራ ግራና ቀኝ እንደ ቆሙ ሁለት ሠራተኞች ነበርን፤ የውስጡን ራስ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ሦስት ጊዜ ማንኳኳት ነበረብኝ።